መብራት ሲጠፋ ሒሳቡን ማን ይክፈል?



ፓርቲያችን በዚህ የምርጫ ማኒፌስቶ ስለ መሬት፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ፍትሕና ስለ ሥራ አጥነት ያለውን አቋም በየምዕራፉ አቅርቧል። ይህ ምዕራፍ በየቤታችሁ በየምሽቱ የሚነሳ አንድ ጥያቄን ይመለከታል። የኤሌክትሪክ አቅራቢው ግዴታውን ሳይወጣ ሲቀር የሚደርሰውን ኪሳራ ማን ይሸከም? እስከ ዛሬ በተግባር የተሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ተጠቃሚው። ፓርቲያችን ይህ መልስ ከሕግም፣ ከፍትሕም፣ ከጤናማ አሠራርም ጋር የሚጋጭ ነው ብሎ ያምናል። ምክንያታችንን ከዚህ በታች እናስረዳለን፤ ብንመረጥ ምን እንደምናደርግም በቁጥር ለይተን እናስቀምጣለን።

1. ዛሬ እየከፈለ ያለው ማን ነው?

መብራት ኃይል በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ የማመንጨቱና የማስተላለፉ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ የመሸጡ ሥራ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ስሙ ቢቀያየርም ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው የሚለው፤ ምክንያቱም በቤቱ የተቀየረ ነገር አላየምና።

መብራት በሌለበት ቀን የሚወጣውን ወጪ አንድ በአንድ እንቁጠር። እናት ሊጥ አቡክታ ምጣዱ ሳይግል ሲቀር እንጀራ ከገበያ በውድ ትገዛለች፤ ወይም ከሰል ትገዛለች። ተማሪ ለፈተና በሻማ ያነባል። ፀጉር ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ቆሞ ይውላል፤ የቤት ኪራዩና የሠራተኛው ደመወዝ ግን አይቆምም። ሥጋ ቤቱና ጭማቂ ቤቱ የተበላሸውን ይጥላል፣ አቅም ያለው ጄኔሬተር ገዝቶ በነዳጅ ይሠራል፤ ዋጋውንም በዕቃው ላይ ጨምሮ መልሶ ለእናንተው ይሸጣል። በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የሚኖር ደግሞ ፓምፑ ሲቆም መብራትና ውኃ በአንድ ጊዜ ያጣል። ከዚያ መብራቱ ይመጣል፤ ሲመጣም አንዳንዴ ከልኩ በላይ ሆኖ ይመጣና ማቀዝቀዣውን ወይም ቴሌቪዥኑን አቃጥሎ ይሄዳል። ይህንን የፈራ ቤተሰብ ስታቢላይዘር ይገዛል። ስታቢላይዘር ማለት አቅራቢው ሊጠብቀው የሚገባውን ቮልቴጅ ደንበኛው በራሱ ገንዘብ እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ በኤሌክትሪክ ደረሰኝ ላይ አይጻፉም። ይሁን እንጂ የመብራት ዋጋ ናቸው። መንግሥት ታሪፍ ሲያሰላ የአቅራቢውን ወጪ ይቆጥራል፤ የአቅራቢው ጉድለት በእናንተ ላይ ያደረሰውን ወጪ ግን አይቆጥርም።

አሁን የግዴታውን ሚዛን እንመልከት። ደንበኛው ቢሉን በቀኑ ካልከፈለ ይቆረጥበታል፤ እንደገና ለመቀጠልም ተጨማሪ ይከፍላል። አቅራቢው ሁለት ቀን ሙሉ መስመሩን ቢያጨልም ምን ይከፍላል? ደንበኛው 905 ደውሎ ያመለክታል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ሠራተኛ ሲመጣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ያመሰግናል። በገንዘቡ የገዛውን አገልግሎት እንደ ውለታ እንዲቀበል ተደርጓል።

የካርድ ቆጣሪ ደንበኛ ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው። እርሱ ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሏል። በሕግ ቋንቋ ዕዳ ያለበት አቅራቢው ነው፤ ባለገንዘቡ ደንበኛው ነው። ሆኖም ባለዕዳው እንደፈለገ ያጠፋል፣ ባለገንዘቡ በጨለማ ይጠብቃል።

የጋራ ቆጣሪን ጉዳይ በተለይ ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። የቤት ታሪፍ የተሠራው ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እንዲል ሆኖ ነው። ሐሳቡ ደሀን ለመደጎም ነው፤ በሐሳቡ አንቃወምም። ነገር ግን በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ተከራይ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በዝቅተኛው እርከን ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 200 ይሆናሉ፤ ቆጣሪው የሚያያቸው እንደ አንድ ሀብታም ቤት ነው። በዚህም ምክንያት በቀበሌ ቤትና በግቢ ኪራይ የሚኖረው ድሀ ለአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ብቻውን ቆጣሪ ካለው ባለቪላ የበለጠ ሊከፍል ይችላል። «የየራሳችን ቆጣሪ ይግባልን» ብሎ አመልክቶ የሚጠባበቀው ሰው ጥፋቱ ምንድን ነው? ቆጣሪ ያላቀረበው አቅራቢው ነው፤ የመዘግየቱን ዋጋ በየወሩ የሚከፍለው ግን ተጠባባቂው ነው።

በከተሞች ዳርቻ አዲስ ሰፈር የሠራችሁ ደግሞ ምሰሶና ሽቦ በመዋጮ የገዛችሁ ብዙ ናችሁ። ንብረቱ የአቅራቢው ሆነ፤ እናንተ ግን ባለአክሲዮን አልሆናችሁም፣ ከቢላችሁም የተቀነሰ የለም።

2. ሕጉ ምን ይላል?

«መብራት የመንግሥት ነው፣ ከመንግሥት ጋር ሙግት የለም» የሚል አነጋገር በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሰድዷል። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው።

በሕጉ አንቀጽ 1771 መሠረት አንዱ ተዋዋይ ግዴታውን ሳይፈጽም ሲቀር ሌላው ወገን ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲፈርስለት ከመጠየቁ በተጨማሪ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ መጠየቅ ይችላል። አንቀጽ 1791 ደግሞ ውሉን ያልፈጸመ ወገን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን፣ ከኃላፊነት የሚድነውም ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳገደው ሲያስረዳ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ማስረዳት ያለበት ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ግዴታውን ያልፈጸመው ነው።

ከውል ውጭ ኃላፊነትን በሚመለከተው ክፍል ደግሞ አንቀጽ 2069 አለ። ይህ አንቀጽ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት ሌላውን ሰው ያልተለመደ አደጋ ላይ የጣለ፣ አደጋው በደረሰ ጊዜ ኃላፊ እንደሚሆን በግልጽ ይናገራል። አደጋውን የፈጠረው መንግሥት ቢሆንም፣ ወይም ሥራው በመንግሥት ፈቃድ የተሠራ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ሕግ አውጪው ከስድሳ ዓመት በፊት የኤሌክትሪክን መስመር በስሙ ጠርቶ «የዘረጋው ይጠየቃል» ብሏል።

እንግዲህ የጎደለው ሕግ አይደለም። የጎደለው ሕጉ በአንድ ተራ ቤተሰብ እጅ ሥራ ላይ የሚውልበት መንገድ ነው። ማቀዝቀዣው የተቃጠለበት ሰው ክስ ለመመሥረት የዳኝነትና የጠበቃ ይከፍላል፤ ሥራ ትቶ ይመላለሳል፤ በዚያ ሰዓት በዚያ መስመር ምን ያህል ቮልቴጅ እንደሄደ የሚያሳየው መዝገብ ደግሞ በተከሳሹ እጅ ነው። ስለዚህ ሰውየው አስልቶ ይተወዋል፤ ማቀዝቀዣው ዋጋው ከሙግቱ ያንሳልና። አንድ ሰው ሲተወው ትንሽ ጉዳት ይመስላል። አንድ ከተማ ሲተወው ግን አቅራቢው በየዓመቱ የማይከፍለው ትልቅ ዕዳ ነው።

3. የሚቀርቡት ምክንያቶችና መልሳችን

«ድርቅ ነው» ይባላል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. መንግሥት የ476 ሜጋዋት እጥረት መፈጠሩን ገልጾ አገሪቱን በፈረቃ አስገባ፤ ምክንያት የተደረገው የጊቤ 3 ግድብ ውኃ መቀነስ ነበር። ከዚያ አስር ዓመት ቀደም ብሎም፣ በ2001 ዓ.ም.፣ ከተሞቻችን ፈረቃን በሚገባ አይተውታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ባለዕዳው በተለመደው አስተያየት አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለውን ነገር ነው። በኢትዮጵያ ምድር ድርቅ ያልተገመተ ነገር ነው ብሎ የሚፈርድ ዳኛ አለን? ኃይሉን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከወንዝ ውኃ ላይ የመሠረተ ድርጅት የዝናብ እጥረትን በዕቅዱ ማስገባት ነበረበት። አለማስገባቱ የራሱ የሥራ አመራር ጉድለት ነው።

«የውጭ ምንዛሪ የለም፣ የመለዋወጫ ዋጋ ንሯል» ይባላል። አንቀጽ 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርን ከአቅም በላይ ኃይል አይለውም። የምንዛሪ እጥረቱንም ቢሆን ያመጣው የመንግሥት ፖሊሲ ነው፤ የአቅራቢው ባለቤትም መንግሥት ነው። አንድ ባለቤት በአንድ እጁ የፈጠረውን ችግር በሌላ እጁ ምክንያት አድርጎ ማቅረብ አይችልም።

«ታሪፉ ርካሽ ስለነበረ ድርጅቱ ከሰረ» ይባላል። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገራለን። ከ1998 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቤት ታሪፍ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የነበረውን የዋጋ ንረት ለሚያውቅ ሰው ይህ ዋጋ ወጪን እንደማይሸፍን ግልጽ ነው፤ ፓርቲያችንም ነፃ መብራት እናድላለን ብሎ አይዋሽም። ሰው ለተጠቀመበት ኃይል ተገቢውን ዋጋ መክፈል አለበት። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚጨምር ታሪፍ መጣ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት የሚሄድ ሌላ ጭማሪ ተጀመረ። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ዋጋው በየሦስት ወሩ ሲጨምር የአቅራቢው ግዴታ በምን ያህል ጨመረ? የዋጋ ሰሌዳው ቀን ተቆርጦለታል። ለጥራት ግን ደንበኛው በእጁ ይዞ ሊጠይቅበት የሚችል፣ ቀን የተቆረጠለትና ካሣ የተቆረጠለት ሰሌዳ አልተሰጠውም። በንግድ ሕግ ዋጋ ጨምሮ ግዴታ ያልጨመረ ሻጭ ትርፉ ከደንበኛው ኪስ የወጣ ነው።

«ዕዳ አለብን» ይባላል። ዕዳው እንዴት እንደመጣ እናስታውስ። የጊቤ 2 ጣቢያ ያለ ዓለም አቀፍ ጨረታ ተሰጥቶ በጥር 2002 ዓ.ም. በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የ26 ኪሎ ሜትሩ ዋሻ ተደረመሰና 420 ሜጋዋቱ ቆመ። በሕዳሴው ግድብም የብረታ ብረት ሥራው ተሰጥቶት የነበረው የመንግሥት ድርጅት በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከሥራው እንዲወጣ ተደረገ፤ የባከነው ጊዜ ግን አልተመለሰም። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልን ዕዳ ጨምሮ የመንግሥት ድርጅቶችን ዕዳ የሚረከብ የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ዕዳ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው መዝገብ ሲሻገር አይጠፋም፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው። እናንተም ግብር ከፋይ ናችሁ። ስለዚህ ያው ሰው አንድ ጊዜ በቢል፣ አንድ ጊዜ በግብር፣ አንድ ጊዜ በሻማና በከሰል ሦስት ጊዜ ይከፍላል።

በመጨረሻም «ግድቡ አልቋልና ታገሡ» ይባላል። የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ የሁላችንም ኩራት ነው፤ ማንም ፓርቲ የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቦንድ የገዛው፣ ከደመወዙ ያስቆረጠው፣ በ8100 መልዕክት የላከው የከተማ ነዋሪ ነው። ታዲያ ኃይሉ ካለ ዛሬ በየሰፈሩ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ትራንስፎርመሩ አርጅቷል፤ የእንጨት ምሰሶው በስብሷል፤ የሰፈሩ መስመር የተዘረጋው ለዛሬው ሕዝብ ብዛት አይደለም። ለጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም.፣ ለኬንያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል እንሸጣለን፤ በቅርብ ዓመታትም ቢትኮይን ለሚያመርቱ ድርጅቶች ተሽጧል። ሽያጩን አንቃወምም፤ ምንዛሪ ያስገባልና። የምንቃወመው ለውጭ ገዢ መጠኑና ጊዜው በውል ተጽፎ ሲቀርብ ግድቡን የሠራው ባለአገር «ሲመጣ ይመጣል» መባሉን ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ ዛሬ ደግሞ መብራት ራቀው።

4. ወደ ግል ቢዛወርስ ይፈታል?

አንዳንድ ወገኖች መፍትሔው አገልግሎቱን ለግል ባለሀብት መስጠት ብቻ ነው ይላሉ። ፓርቲያችን የግል ባለሀብትን ተሳትፎ ይደግፋል። ነገር ግን ባለቤቱ ስለተለወጠ ብቻ የኪሳራው ሸክም ከደንበኛው ትከሻ አይወርድም። ለዚህ ከእንግሊዝ አገር የተሻለ ምሳሌ የለም።

በዚያ አገር ለቤተሰብ ኤሌክትሪክና ጋዝ የሚሸጡ የግል ኩባንያዎች በብዛት ገበያ ገብተው ነበር። በቂ ካፒታል ሳይኖራቸው፣ አንዳንዶቹም ደንበኛው አስቀድሞ በከፈለው ገንዘብ እየነገዱ ይሠሩ ነበር። በፈረንጆች 2021 የጋዝ ዋጋ ሲንር ወደ 30 የሚጠጉ ኩባንያዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጉ። ደንበኞቻቸው በጨለማ እንዳይቀሩ ወደ ሌሎች አቅራቢዎች ተዛወሩ፤ ይህ መልካም አሠራር ነው። ወጪው ግን በአገሪቱ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚዎች ሁሉ ቢል ላይ ተጫነ። የአገሪቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ሪፖርት ወጪው 2.7 ቢሊዮን ፓውንድ፣ ለአንድ ቤተሰብ 94 ፓውንድ ገደማ እንደሚደርስ ገምቷል። ትርፍ በነበረ ጊዜ የባለቤቶቹ ነበር፤ ኪሳራ በመጣ ጊዜ የደንበኛው ሆነ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። አቅራቢው የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ሲወድቅ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በሕግ ካልተጻፈ ዕዳው ቁልቁል ይወርድና መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ላይ ያርፋል። መጨረሻ ላይ የቆመው ደግሞ ሁልጊዜ ቤተሰብ ነው።

5. ፓርቲያችን ቃል የሚገባው

መርሆአችን ሦስት ነው። ደንበኛ ለተጠቀመበት ኃይል ይከፍላል። አቅራቢ ለራሱ ጉድለት ይከፍላል። መንግሥት በፖሊሲ ውሳኔው ላመጣው ዕዳ በምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። በዚህ መሠረት፦

ሀ/ እያንዳንዱ ደንበኛ የአገልግሎት ሰዓት፣ የቮልቴጅ ልክና የጥገና ጊዜ የተጻፈበት ውል በሚገባው ቋንቋ ይሰጠዋል።

ለ/ አስቀድሞ ሳይነገር ከ12 ሰዓት በላይ ለሚጠፋ መብራት ካሣው ያለ ማመልከቻ በሚቀጥለው ቢል ወይም በካርዱ ላይ ይታሰባል። ደንበኛ ለመብቱ ተራ አይሰለፍም።

ሐ/ በኃይል መዋዠቅ ዕቃ የተቃጠለበት ሰው አቤቱታ ባቀረበ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ያገኛል። መስመሩ ጤነኛ እንደነበረ ማስረዳት የአቅራቢው ግዴታ ይሆናል፤ መዝገቡ በእርሱ እጅ ነውና።

መ/ በጋራ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች የራሳቸው ቆጣሪ እስኪገባላቸው ድረስ የዝቅተኛው እርከን ልክ በቤተሰቦቹ ቁጥር ይባዛል። ይህ አዲስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሒሳብ አሠራር ማስተካከል ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችን ይሆናል።

ሠ/ ነዋሪዎች ለምሰሶ፣ ለሽቦና ለትራንስፎርመር ያዋጡት ገንዘብ ማስረጃው ተመዝግቦ ለአቅራቢው እንደተሰጠ ብድር ይቆጠራል፤ ከቢላቸው እየተቀነሰ ይመለስላቸዋል።

ረ/ ደንበኛ በካርድ አስቀድሞ የሚከፍለው ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል። ወደፊት የግል አቅራቢዎች ቢገቡና ቢከስሩ፣ ከማንኛውም ሌላ ባለገንዘብ በፊት የደንበኛው ገንዘብ ይመለሳል፤ የባለቤቶቹ ካፒታል ሳያልቅ አንድ ሳንቲም በቢል ላይ አይጫንም።

ሰ/ ታሪፍ የሚመረምረው ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሆናል። ዛሬ ሻጩም፣ ዋጋ መርማሪውም፣ ዋጋ አጽዳቂውም በአንድ አስፈጻሚ አካል ሥር ናቸው። ባለሥልጣኑ በየወረዳው ስንት ሰዓት መብራት እንደጠፋ በየሦስት ወሩ ለሕዝብ ያትማል፤ የዋጋ ጭማሪ ጥያቄም ከዚህ መዝገብ ጋር ተያይዞ ይታያል። መዝገቡ ካልተሻሻለ ጭማሪው አይፈቀድም።

6. ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ተቃዋሚ ፓርቲ ቃል ብቻ ይገባል፣ ወጪውን አያሰላም እየተባልን እንወቀሳለን። ስለዚህ በግልጽ እንናገር። ካሣው በመጀመሪያ የሚከፈለው ከአቅራቢው የሥራ ማስኬጃና ከኃላፊዎች ማበረታቻ በጀት ነው፤ ቀጥሎም ኃይል ለውጭ አገርና ለትላልቅ ገዢዎች ተሽጦ ከሚገኘው ገቢ ነው። በቤተሰብ ታሪፍ ላይ ተጨምሮ እንዳይሰበሰብ በሕግ እንከለክላለን፤ አለበለዚያ ካሣውን የሚከፍለው ተካሹ ራሱ ይሆናል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካሣው ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ከባድ እንዲሆን የምንፈልገውም ስለዚሁ ነው። ዛሬ ያረጀ ትራንስፎርመር ለመብራት ኃይል ወጪ የለውም፤ ወጪው የእናንተ ነውና አዲሱን ለመትከል አይቸኩልም። ያ ወጪ ወደ ራሱ መዝገብ በገባ ቀን የትኛው ሰፈር ቅድሚያ ጥገና እንደሚያስፈልገው ሒሳቡ ራሱ ይነግረዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ መብራት ጨርሶ አይጠፋም አንልም። ሲጠፋ ግን የጠፋበት ሰው ከፋይ አይሆንም እንላለን።

ለመብራት ኃይል ሠራተኞችም አንድ ቃል አለን። በዝናብ ምሰሶ ላይ የሚወጣው ሠራተኛ የዚህ ጉድለት ምክንያት እንዳልሆነ እናውቃለን። በቂ ዕቃ ሳይሰጠው ከሕዝብ ቁጣ ጋር ፊት ለፊት የተተወው እርሱ ነው። ካሣ ከሠራተኛ ደመወዝ አይቆረጥም።

ውድ መራጮች!

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ለዓመታት አጥራችሁ የተነቀነቀው የምትከፍሉትን ታውቃላችሁ ተብሎ ስላልታሰበ ነው። እጩዎች ወደ ሰፈራችሁ ሲመጡ፣ የእኛንም እጩ ጨምሮ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ መብራት ሲጠፋ ሒሳቡን ማን ይክፈል? «እናጣራለን» ያለውን ሳይሆን በግልጽ የመለሰውን ምረጡ። ይህን ጽሑፍም አስቀምጡት። ተመርጠን ከላይ ካሉት ሰባት ነጥቦች አንዱን ብናጓድል ይዛችሁ የምትጠይቁን በዚሁ ነው።

የከፈለ ደንበኛ ባለመብት ነው!
ግዴታውን ያልተወጣ ይክፈል!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ